የቲቸር ማቴዎስን ኮከቦች በሲባጎ ያሰለፍኩ ጊዜ

ስለ ራሷ ጥሩ ጥሩውን የምታወራ ሴት የፈለገ ሌላ ገጽ ይግለጥ። እኔ የማወራው ጉዴን ነው። ጉድ ደግሞ እንደ ሚዛን ዝናብ ነው፤ "አባራ" ብላችሁ ከቤት ስትወጡ መሃል መንገድ ላይ ጠብቆ ነው የሚያበሰብሳችሁ።

የምሠራው ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ባለ የቡና ችግኝ ጣቢያ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ፈተናው ደግሞ እኔን ጨርሶኛል። ሥራዬ ፕላስቲክ ውስጥ አፈር መሙላት፣ ፍሬ መቅበር፣ ከዚያ ፕላስቲኮቹን መደብ ላይ መደርደር ነው። ድርደራው ላይ ቀልድ የለም። አለቃችን ጋሽ በላይ ከኪሱ የማይለይ ሲባጎ አለው። ጠዋት ጠዋት እሱን ከጫፍ ጫፍ ይወጥርና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መደቡን እንደ ጠመንጃ ያነጣጥርበታል። አንዲት ችግኝ የጣት ያህል ከመስመር ከወጣች፣ "ይቺ የማናት? ዘመድ ልትጠይቅ ነው እንዴ የወጣችው?" ይላል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ከዋላችሁ መስመር ደም ውስጥ ይገባል። ቤት ውስጥ ብርጭቆ በመስመር እደረድራለሁ። ሰልፍ የተጣመመ እንደሆነ ከፊት የቆመውን ሰው ትከሻ ይዤ አስተካክላለሁ። አንድ ጊዜ የጅማው ጋሽ ጀማል ቤት ለቅሶ ሄድኩ። ጋሽ ጀማል እዚሁ ሚዛን ገበያው ጫፍ ላይ የሳህንና የመብራት ዕቃ ሱቅ ያለው ነው። በሩ ላይ የጫማ ክምር አየሁና እጄን በላኝ። የግራውን ከግራ፣ የቀኙን ከቀኝ አድርጌ አንድ በአንድ አሰለፍኩት። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ማን የማን እንደሆነ ጠፋቸው፤ ግማሹ የሰው ጫማ አድርጎ ሄደ። ጋሽ ጀማል እስከ ዛሬ "ያንቺ እጅ የገባበት ነገር ያምራል እንጂ አይገኝም" ይለኛል። ያኔ ልብ ብዬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አሁን ወደ ቲቸር ማቴዎስ ልምጣ።

ቲቸር ማቴዎስ ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ከማውቃቸው ጀምሮ አንድ ምኞት ነው ያላቸው፤ ትምህርት ቤቱ እውነተኛ ቴሌስኮፕ እንዲኖረው። ስለ ሳተርን ቀለበት ሲያስተምሩን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ይስሉልን ነበር። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል፤ የድሮ ሕመም ነው። ሳተርን ሁልጊዜ የተነከሰ ዶናት መስላ ነው የምትወጣው። እኛ እንስቃለን፣ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ፣ ከዚያ መልሰው ይስሏታል።

አንድ ቀን ችግኝ ጣቢያው ድረስ መጡ። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል።

"አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ልዋስ ብዬ ነው።"

"ለምን ቲቸር?"

"ከአዲስ አበባ እንግዳ ትመጣለች። አንድ ቴሌስኮፕ ይዛለች፤ አንድ ብቻ። የሚዛንን፣ የቴፒንና የማሻን ትምህርት ቤት አይታ፣ ተማሪ በራሱ እጅ የተሻለ ነገር ሠርቶ ላሳያት ትሰጣለች። እኔ የማሳያት ነገር በጭንቅላቴ አለ። እጄ ነው የሌለው።"

ከዚያ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አስረዱኝ። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች የብዙ ኮከብ ብርሃን በአንድ ጊዜ ይሰበስባሉ። ግን የእያንዳንዱ ብርሃን ለየብቻ መለቀም አለበት። ስለዚህ የሰማዩ ምስል የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተበሳ ሳህን ያስቀምጣሉ። ለአንድ ኮከብ አንድ ቀዳዳ፤ በቀዳዳው እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር፣ ፋይበር የሚሉት፣ ይሰካል። ብርሃኑ በክሩ ውስጥ፣ ውሃ በቱቦ እንደሚሄድ ሄዶ፣ የሚመረምረው ማሽን ጋ ይደርሳል።

"ቀዳዳው ትንሽ ቢስትስ?" አልኩ።

"ጨለማ ትቀጃለሽ። ቅርጫትሽን ጎረቤት ማሳ ላይ አስቀምጠሽ ቡና እንደ መልቀም ነው።"

"ማነው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው?"

"ድሮ ሰው በእጁ አንድ በአንድ ይሰካው ነበር። አሁን ብዙው ቦታ በሮቦት ነው አሉ።"

"እኛስ?"

"እኛማ አንቺ አለሽን" አሉ።

እንዲህ ሲባል ማን እምቢ ይላል? ሮቦት ሆኜ ተቀጠርኩ።

ዝግጅቱ እንዲህ ነበር። ሚዛን ላይ በደመና ምክንያት ሰማይ አይታመንም፤ ስለዚህ ቲቸር የራሳቸውን ሰማይ ሠሩ። አንድ ሰፊ ኮምፔንሳቶ ጥቁር ቀለም ቀብተው ሃያ አራት ትንንሽ አምፖል ሰካኩበትና አዳራሹ ጫፍ ላይ አቆሙት። በሌላው ጫፍ ትልቅ የማጉያ መስታወት አለ፤ ከሱ ኋላ የሰማዩ ምስል ተገልብጦና የመዳፍ ያህል ሆኖ ያርፋል። እዚያ ቦታ ላይ ስስ ወረቀት ዘርግተው ብርሃን ባረፈበት ሁሉ በእርሳስ ነጥብ አደረጉ። የእኔ ድርሻ ወረቀቱን ትሪ ላይ ለጥፌ በየነጥቡ መብሳትና ክር መሰካት ነው።

ክሩ የመጣው ከጋሽ ጀማል ሱቅ ነው። አናቱ ላይ የፕላስቲክ ፀጉር ያለው፣ ሲበራ የፀጉሩ ጫፍ ሁሉ ነጥብ ነጥብ የሚያበራ ጌጥ መብራት ነበረው። ማንም አልገዛውም። "ውሰዱልኝ!" አለ ጋሽ ጀማል። "ሚስቴ ይሄን ጭራቅ ካላወጣህ ሱቅህን አልረግጥም ብላለች።" ትሪም ጨመረልን። በመቀስ ፀጉሩን ቆረጥኩት። ቀጭኑን መሰርሰሪያ ከሰዓት ሠሪው ተዋስኩ።

እዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ።

ወረቀቱን ስዘረጋ ግን ደነገጥኩ። ነጥቦቹ እንዴት እንደተበታተኑ ልነግራችሁ አልችልም። ሦስቱ አንድ ጥግ ላይ ተፋፍገዋል፣ አንዷ ብቻዋን ጠርዝ ላይ ቀርታለች፣ መሃሉ ባዶ ነው። ዶሮ የጫረችው ጓሮ ይመስላል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የእጃቸው ነገር ነው። "ውይ ቲቸር! በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጅ ነው ነጥብ የሚያሰፍሩት?" ብዬ አዘንኩ። ልብ በሉ፣ አዘንኩ። እንግዳዋ ይሄን ስታይ፣ ተማሪ ሲስቅ፣ የተነከሰችው ሳተርን ስትታወሰኝ ልቤ አልቻለም። ሰው በክፋት ሲያጠፋ ቢያንስ የሚያጠፋውን ያውቃል። እኔ በርኅራኄ ነው ጉድጓዱን የቆፈርኩት።

ከጋሽ በላይ ሲባጎ ቁራጭ ለመንኩ። ነጥቦቹን ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። ስድስት በአራት። ትሪው መሃል ላይ ሲባጎዬን ወጥሬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ችግኝ አሰለፍኳቸው። አንዷም ዘመድ ልትጠይቅ አልወጣችም። ክሩን ሰካሁ፤ የክሮቹን ሌላ ጫፍ ብርሃኑ እንዲታይበት አንዲት እንጨት ላይ ደረደርኩ፤ አቧራ እንዳይነካው ብዬ ትሪውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩት።

ቲቸር መጡ። ጨርቁን ሊገልጡ ሲሉ እጃቸው ክሩን እንዳይነቅለው ፈርተው መለሱት። እኔን አዩኝ።

"ነጥቦቹ ላይ ነው?"

"ነጥቦቹ ላይ ነው፣ ቲቸር።"

አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ ወለምታ አልነበረም፣ ስብራት ነው። ያኔ ግን ስጦታ የደበቅኩላቸው መስሎኝ ፈገግ ብያለሁ።

ዕለቱ ደረሰ። የአዳራሹ መስኮቶች በቡና ጆንያና በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ ቀትር ላይ ጨለማ ሆኗል። ተማሪው ተጠቅጥቋል። ጋሽ ጀማል "መብራቴን ላየው ነው የመጣሁት" ብሎ ከፊት ተቀምጧል። ጋሽ በላይም ንጹሕ ኮት ለብሶ መጥቷል። እንግዳዋ ወጣት ሴት ናት፤ ዶክተር እያልን ነው የምንጠራት፣ እውነት ዶክተር ትሁን አትሁን የጠየቀ የለም።

ቲቸር ማቴዎስ እንደዚያ ቀን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ድምፃቸው ራሱ ቀጥ አለ። ስለ ኮከብ፣ ስለ ቀዳዳ፣ ስለ ክር ተናገሩና፣ "እነሆ፣ ሃያ አራቱም ኮከብ እዚች እንጨት ላይ ሰልፍ ይዘው ይመጣሉ!" ብለው አምፖሎቹን አበሩ።

ሁላችንም እንጨቷን አየን።

እንጨቷም እኛን አየችን።

"መብራት ሄደ እንዴ?" አለ ጋሽ በላይ።

አልሄደም። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሃያ አራቱም ቦግ ብለዋል። ወዲህኛው ጫፍ ግን ድቅድቅ ነው። ከዚያ አንድ ተማሪ "በራ! አንዱ በራ!" ብሎ ጮኸ። እውነትም ከዳር አንዷ ክር ጭል ጭል ትላለች፤ በአጋጣሚ አንዲት ቀዳዳዬ አንድ ኮከብ ላይ አርፋ ነው። ጋሽ ጀማል ብቻውን አጨበጨበ። ቲቸር ትሪውን ወደ ግራ ገፋ አደረጉት፤ እሷ ጠፋችና ሌላዋ በራች። ወደ ቀኝ አደረጉት፤ ሁለቱም ጠፉ። ከኋላ የሆነ ሰው በቤንችኛ አንድ ነገር አለና ሳቅ ተነሳ።

በመጨረሻ ጨርቁን ገለጡት።

ሁሉም ሰው አንገቱን አስግጎ ትሪውን አየ። መጀመሪያ የተናገረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ በላይ! ከወንበሩ ተነሳ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ አነጣጠረ፤ "አቤት መስመር!" አለ በሙሉ ድምፁ። "ይሄ የእኔ ልጅ ሥራ ነው! አዩልኝ ዶክተር፣ አንዲት ዝንፍ አላለችም!"

መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ብዬ ለመንኩ። የሚዛን መሬት በዝናብ ጊዜ መንገዱን ሁሉ ይውጣል፣ እኔን ግን እምቢ አለ።

እንግዳዋ ግራ ገብቷት፣ "ኮከቦቹ እንዲህ ተሰልፈው ነው እንዴ የተሠሩት?" ብላ ጠየቀች።

ቲቸር ማቴዎስ ትሪውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሁሉንም ነገር በዚያች ቅጽበት እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አነበብኩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መለሱና ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። እጃቸው እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይርገበገባል።

"ልጅቷ የሰጠኋትን ነው የሠራችው። ነጥቡን ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ይኸው እጄን እያያችሁት ነው" አሉ።

እኔ በአፌ የታወቅኩ ሴት ነኝ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። የአውቶቡስ ረዳት ተሳድቦ አላመለጠኝም። ያን ቀን ግን አፌ ትሪው ላይ ካለው ቀዳዳ ጠበበ። ተነስቼ "እኔ ነኝ!" ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ጊዜ ልነሳ ቃጣኝ። ሦስቱንም ጊዜ ቀሚሴን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

ቴሌስኮፑ ማሻ ሄደ። የማሻ ልጆች ከቀርከሃ ልክክ ያለ መቆሚያ ሠርተው ጠበቋት አሉ። ይገባቸዋል፣ አልቀናሁም። ያቃጠለኝ ከተማው ነው። ጋሽ ጀማል ሱቅ ስገባ "ምስኪን መምህር፣ እጁ ከዳው" ይላል። ሻይ ቤት ገብቼ "በዚህ ዕድሜ ምን አስቸኮላቸው?" ሲባል እሰማለሁ። አንዷ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ "አንቺማ ምን አጠፋሽ፣ የታዘዝሽውን ነው የሠራሽ" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ጋሽ በላይ በኩራት "መስመሩ ግን መስመር ነበር" እያለ ይዞራል።

በሳምንቱ ቲቸር ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን ይዤ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ከትራሴ ሥር ነው የከረመው።

"ያስተካከልኩልዎ መስሎኝ ነው" አልኩ። "እጅዎ... የተንቀጠቀጠ መስሎኝ።"

ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ኮከብ እኮ ችግኝ አይደለም፤ ማንም በመስመር አልተከለውም" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄን ስሠራ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ በገመድ አስሬው ነበር። ለእያንዳንዷ ነጥብ ትንፋሼን ይዤ ነው። አራት ቀን ፈጅቶብኛል።"

ሃያ አራት ጊዜ ትንፋሻቸውን የያዙበትን ነገር ነው እኔ በአንድ ከሰዓት በሲባጎ ያሰለፍኩት።

"ታዲያ ለምን በራስዎ ላይ አደረጉት?"

"እኔ ሰኔ ላይ እወጣለሁ። አንቺ እዚህ ነው የምትኖሪው። ደግሞ አልዋሸሁም፤ እጄ ይንቀጠቀጣል።"

እንደገና ልሠራው ወሰንኩ፤ የመጀመሪያው ትሪ ተበሳስቶ ስላለቀ ሌላ አስፈለገ። ጋሽ ጀማል ሱቅ የመግባት ወኔ አልነበረኝም። የእናቴን ወሰድኩ፤ ጽጌረዳ የተሳለበትን፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን። እናቴ ያወቀችው ሦስተኛዋን ጽጌረዳ ስበሳ ነው። ያለችኝን አልጽፈውም።

በዚህኛው ወረቀቱን ለጠፍኩ፤ ዶሮ የጫረችውን ጓሮ እንዳለ በሳሁት። ቀኝ እጄን ሲባጎ ሲባጎ ሲለው በግራ እጄ እየመታሁት። ባዶው አዳራሽ ውስጥ እኔና ቲቸር ብቻ ሆነን አምፖሎቹን አበራናቸው። ሃያ ሦስት ክር በራ። ሃያ አራተኛዋ አምፖሏ ተቃጥላ ነው፤ በዚህ እንኳ የለሁበትም። ቲቸር አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። ከዚያ፣ "ትሪውን ማሻ ውሰጂላቸው፤ ኮምፔንሳቶውንና መስታወቱን በጭነት መኪና አስከትላለሁ" አሉኝ።

"ለማሻ? እነሱ ቴሌስኮፑን ወስደው?"

"ቴሌስኮፑ ኮከብ ያሳያቸዋል። ይሄ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለውን ያሳያቸዋል። እንግዳዋም እያሠለጠነቻቸው እዚያው ናት። ማሻም ልጅ አለ።"

በቴፒ፣ በጌጫ አድርጌ ወደ ማሻ ወጣሁ። ትሪውን በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ "ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ሕፃን አይደለም፣ ሰማይ ነው" አልኳት። ጌጫ ላይ ቦታ ሲለቀቅ ተነስታ ኋላ ሄደች።

ማሻ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል የምትሠራው ወይዘሮ አስካለ የምትባል መነጽራም ሴትዮ ናት። ጋቢውን ገለጠች፣ ትሪውን ወደ መስኮቱ አንስታ በቀዳዳዎቹ አሾልቃ አየችኝ፤ ከዚያ ቅጹ ላይ ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች።

"አንድ፣ አበባ ያለው ትሪ፤ የተበሳሳ፤ ከጥቅም ውጪ። እዚህ ጋ ፈርሚ።"

"ከጥቅም ውጪ አይደለም!"

"የእኔ እመቤት፣ ይሄ ሻይ አይዝ፣ ቆሎ አይዝ። ማን ነው እንዲህ አዘበራርቆ የበሳው? በመስመር ቢሆን እንኳ ወንፊት ይወጣው ነበር።"

የእኔኑ የመስመር ነገር በሌላ ሰው አፍ ያሰማኛል እንዴ ፈጣሪ? በዚያው ሰዓት እንግዳዋ ከማሻው መምህርና ከተማሪዎች ጋር ገባች። አወቀችኝ። ትሪውን ተቀብላ አገላበጠችው።

"ነጥቦቹን ያሰፈረው ማነው?"

"ቲቸር ማቴዎስ። ያው የድሮዎቹ ነጥቦች ናቸው።"

"የድሮዎቹማ ስህተት ነበሩ። ራሳቸው ነገሩን እኮ።" ወደ ማሻው መምህር ዞር ብላ፣ "እንዲሁ አትድከሙበት፣ እንደ አዲስ ነጥብ ብታሰፍሩ ይሻላል" አለችው። ትሪውን ለወይዘሮ አስካለ መለሰችላት። ወይዘሮ አስካለ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ፣ እጀታው የወለቀ ባልዲ ጎን፣ አስቀመጠችው።

ሃያ አራት ትንፋሽ ባልዲ ጎን ተቀመጠ።

"ስህተት አልነበሩም" አልኩ። "ነጥቦቹ ልክ ነበሩ። ተበታትነው ሳይ እጃቸው የሳተ መሰለኝና በሲባጎ በመስመር አሰለፍኳቸው። ነጥቦቹ ላይ ነው ወይ ሲሉኝ አዎ ብዬ ዋሸኋቸው። ሰው ፊት ሲዋረዱም ተቀምጬ አየሁ። እሳቸው ምንም አላጠፉም። እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ አስካለ መነጽሯን አወለቀች። "ኮከብ በሲባጎ!" አለችና ሳቋ አመለጣት። ተማሪዎቹም ሳቁ። እንግዳዋ አልሳቀችም።

"ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?"

ጫማዬን አየሁ። ግራና ቀኙ እኩል ቆመዋል።

እንግዳዋ ትሪውን ራሷ ከመደርደሪያው አውርዳ ለማሻው መምህር ሰጠችው። "እንዳለ ተጠቀሙበት" አለችው። ወይዘሮ አስካለ "ከጥቅም ውጪ" ያለውን ሰረዘች፤ ምን ብላ እንደምትተካው ስታስብ ቆየችና፣ "ሃያ አራት ኮከብ፣ ሙሉ" ብላ ጻፈች። ፈረምኩ።

ወጥቼ ከቀርከሃው አጥር ጎን ቆሜ ደወልኩ። ጉሙ ትምህርት ቤቱን ግማሽ ድረስ ውጦታል።

"ደረሰ?" አሉ ቲቸር።

"ደረሰ።"

"ተቀበሉሽ?"

"ቲቸር... ተናገርኩ። ለእንግዳዋም፣ ለሁሉም። ያኔ ያደረግኩትን።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም። ትንፋሻቸው ይሰማል። ከዚያ እንደዚያን ቀን፣ በዚያው ድምፅ፣ ጠየቁኝ።

"ነጥቦቹ ላይ ነው?"

"ነጥቦቹ ላይ ነው፣ ቲቸር።"